በድሮዎቹ የአሜሪካ ደብዳቤዎች ውስጥ ያለውን በሽታ እንዴት እናንብበው?

ጥያቄው የመጣው በአሜሪካ በነርስነት ከሚሠሩ አንዲት አንባቢ ነው። ለታሪክ ትምህርት በ1700ዎቹ የተጻፉ የቤተሰብ ደብዳቤዎችን እያነበቡ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ደብዳቤው ሁሉ በበሽታ ይጀምራል፣ በበሽታ ያልቃል። የበሽታዎቹ ስሞች ግን ግራ ያጋባሉ፤ የበሰበሰ ትኩሳት፣ የሐሞት ትኩሳት፣ የጉሮሮ መቅሠፍት ይላሉ። ዛሬ ምን ብለን እንጥራቸው? አንዲት እናት ደግሞ አራት ልጆቿን ይዛ ሄዳ ፈንጣጣ በፈቃዷ ታስይዛቸዋለች። ሐኪሙስ የት ነው ያለው? ነርስ ሆኜ ሳነበው ያመኛል። ለጽሑፌ የትኛውን ደብዳቤ ልምረጥ?»

እህቴ፣ ያመኛል ማለትዎ ደስ አሰኝቶኛል። የሕክምና ታሪክ ሳስተምር ብዙ ተማሪዎች እነዚህን ደብዳቤዎች አንብበው «ምስኪኖች፣ ምንም አያውቁም ነበር» ብለው ያልፋሉ። የሚያመው ሰው ግን ቆም ብሎ ያነባል። ቆም ብሎ ላነበበው ደግሞ ደብዳቤዎቹ ስለ ሕክምና የሚያወሩ ብቻ አይደሉም፤ ራሳቸው የሕክምናው አካል ነበሩ። መድኃኒት የሚታዘዘው፣ ምክር የሚጠየቀው፣ ፈቃድ የሚሰጠው፣ መርዶ የሚነገረው በእነሱ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ለምን በበሽታ ይጀምራሉ ላሉት፣ እኛም እኮ እንደዚያው ነበርን። «ለጤናችሁ እንደምን አላችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ» ሳይባል የተጀመረ የአማርኛ ደብዳቤ ማን ያስታውሳል? በእኛ ዘንድ ነገሩ እየቆየ የሰላምታ ወግ ሆነ። በ1700ዎቹ አሜሪካ ግን ይህ መስመር የደብዳቤው ዋና ዜና ነበር። ከቦስተን ፊላደልፊያ ደብዳቤ ለመድረስ አንድ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ይፈጃል። ስለዚህ «ልጆቹ ደህና ናቸው» ማለት «ይህን በጻፍኩበት ቀን ደህና ነበሩ» ማለት ነው። አንባቢው ይህን ያውቃል፤ የሚያነበው ያለፈውን መሆኑን እያወቀ ነው የሚያነበው።

ርቀቱ ባሕር ሲሆን ምን እንደሚመስል በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው የቶማስ ጀፈርሰን ቤተሰብ ያሳያል። ጀፈርሰን በ1784 ወደ ፓሪስ ሲሄድ ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆቹን ቨርጂኒያ ውስጥ ለሟች ሚስቱ እህት ለኤልዛቤት ኤፕስ ትቷቸው ነበር። በኦክቶበር ወር ትክትክ ገባ። የሁለት ዓመቷ ሉሲ ሞተች፤ የኤልዛቤት የራሷ ልጅም ሞተች፤ የእሷም ስም ሉሲ ነበር። ኤልዛቤት ወዲያው ለአባትየው ጻፈችለት። ጀፈርሰን ግን መርዶውን የሰማው በጃንዋሪ 1785 ነው፤ ያውም ከእሷ ሳይሆን አንድ ሐኪም ጽፎት የፈረንሳዩ ጄኔራል ላፋዬት ካደረሰለት ሌላ ደብዳቤ። የኤልዛቤት ደብዳቤ እጁ የገባው በሜይ ነው። ለሰባት ወር ያህል ባሕርና መንገድ ላይ የቆየ ለቅሶ ማለት ነው። እነዚህን ደብዳቤዎች ሲያነቡ ሁለቱን ቀናት፣ የተጻፈበትንና የደረሰበትን፣ ጎን ለጎን ይያዙ። የሐዘኑ ግማሽ ያለው በመሃላቸው ነው።

አሁን ወደ ስሞቹ ልምጣ። «ዛሬ ምን ይባላል?» የሚለውን ጥያቄ ከእርስዎ በፊት ብዙዎች ጠይቀውኛል፤ ሁልጊዜም የምመልሰው «መጀመሪያ አይተርጉሙት» ብዬ ነው። የዚያ ዘመን ስም የሚነግረን የሰውነቱን ሁኔታ ነው፤ ስለ ተሕዋስ የሚያውቅ አልነበረምና። የበሰበሰ ትኩሳት ሲሉ ታማሚው ይሸታል፣ ምላሱ ጠቁሯል፣ ቆዳው ላይ ነጠብጣብ ወጥቷል፣ ራሱን ስቷል ማለታቸው ነው። ብዙ ጊዜ ታይፈስ ወይም ታይፎይድ ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱ በግልጽ የተለያዩት ገና በ1837 ፊላደልፊያ ውስጥ ዊልያም ገርሃርድ የተባለ ሐኪም ባካሄደው ምርመራ ነው። እኛስ ብንሆን? ተስቦ የሚለው የአማርኛ ቃል እስከ ዛሬ ሁለቱንም በአንድ ከረጢት ይዞ ይዞራል። እናቶቻችን «ምች መታው» ሲሉ አንድ የተወሰነ ተሕዋስ አይደለም የሚሰይሙት፤ የሆነ ዓይነት ሕመም፣ የሆነ ዓይነት አመጣጥ፣ የሆነ ዓይነት መድኃኒት በአንድ ቃል እየነገሩን ነው። በእነዚያ ደብዳቤዎች ያሉ ስሞችም እንደ ምች ያሉ ናቸው።

የጉሮሮ መቅሠፍት የሚሉት በ1735 ኪንግስተን ከምትባል የኒው ሃምፕሸር መንደር ተነሥቶ ኒው ኢንግላንድን ያዳረሰው ነው። ልጆቻቸውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያጡ ቤቶች ነበሩ። አብዛኛው ዛሬ በክትባት ካርድ ላይ ዘጊ አናዳ (ዲፍቴሪያ) ብለው የሚሞሉት በሽታ እንደነበር ይታመናል፤ የተወሰነው ክፍል ደግሞ ስካርሌት ፊቨር ሊሆን ይችላል። የሐሞት ትኩሳት ከወባ እስከ ጉበት በሽታ ማንኛውንም ሊሸፍን ይችላል። በጽሑፍዎ ላይ ስሙን እነሱ እንደጻፉት አስቀምጠው ምልክቶቹን ቢዘረዝሩና ግምትዎን ከዚያ በኋላ ቢሰጡ ይሻላል። ገና ከመጀመሪያው ታይፎይድ ብለው ከጻፉ፣ እናትየው ያየችውን ነገር በእርስዎ እውቀት ሸፍነውታል።

ሐኪሙ የት ነው? አለ፤ ግን እንግዳ ነው። የሚመጣው ሲጠራ ነው፤ አንዳንዴ በፈረስ ግማሽ ቀን ተጉዞ። አብዛኛው የተማረው ከሌላ ሐኪም ሥር ሆኖ በማየት ነበር። በዚያ አገር የመጀመሪያው የሕክምና ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1765 ነው፤ በፊላደልፊያ። እዚያው ከተማ በ1751 የተመሠረተው ሆስፒታልም በዋናነት ቤትና ጠያቂ ለሌላቸው ድሆች የታሰበ ነበር። ዘመድ ያለው ሰው የሚታመመውም፣ የሚድነውም፣ የሚሞተውም ቤቱ ውስጥ ነው። የሕክምናው ባለቤት የቤቱ እመቤት ናት ማለት ነው፤ እርስዎ ዛሬ በፈረቃ የሚሠሩትን ሥራ ያለ ፈረቃ የምትሠራው እሷ ነበረች።

የ1775ቱን መጸው ይመልከቱ። በኋላ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት የሆነው ጆን አዳምስ ፊላደልፊያ በኮንግረስ፣ በቅኝ ግዛቶቹ ጉባኤ፣ ነው። ሚስቱ አቢጌል ከቦስተን በስተ ደቡብ በምትገኘው በብሬንትሪ ልጆቹንና እርሻውን ይዛለች። በቦስተን ዙሪያ ጦር ሰፍሯል፤ ከሰፈሩ የደም ተቅማጥ ወጥቶ ወደ መንደሮቹ ገባ። በኦገስት የጆን ወንድም ኤሊሁ ሞተ። ከዚያ የአቢጌል ቤት ተራ ሆነ፤ መጀመሪያ አንዱ ሠራተኛ፣ ከዚያ እሷ ራሷ፣ ከዚያ ሌላ ሠራተኛ፣ ከዚያ ሦስት ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ልጇ ቶማስ፣ ከዚያ ፓቲ የምትባለው ሠራተኛ። በሴፕቴምበር 8 ለባሏ ስትጽፍ ቤታችን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሆስፒታል ሆኗል ትላለች። ፓቲ ብዙ ተሠቃይታ ሞተች። ልጇን ልታስታምም ትመላለስ የነበረችው የአቢጌል እናትም ታመመች፤ በኦክቶበር 1 አረፈች።

በእነዚያው ሳምንታት ደብዳቤዎች ውስጥ አቢጌል ባሏን ከፊላደልፊያ እንዲልክላት የምትጠይቀው ዕቃ አለ፤ የሩባርብ ሥር፣ ገውዝ፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ። ብዙ ተማሪ ይህን የወጥ ቤት ዝርዝር ብሎ ይዘለዋል። ሩባርብ ሆድ ለመጥረግ የሚሰጥ የታወቀ መድኃኒት ነው፤ ቅመሞቹም ሆድ ያረጋጋሉ ተብለው የሚታመንባቸው ናቸው። ወደቡ በጦርነት ስለተዘጋ ቦስተን አካባቢ አይገኙም ወይም ዋጋቸው አይቀመስም። ያ መስመር የመድኃኒት ማዘዣ ነው። የጻፈችው እሷ፣ የሚገዛው በኮንግረስ የተቀመጠው ባሏ፣ መድኃኒት ቤቱ ደግሞ ፖስታው።

ሕክምናው ራሱ ምን ነበር? ማስታወክ፣ ሆድ መጥረግ፣ ማላብ፣ ደም ማፍሰስ፣ ቆዳን በሚያቃጥል ቅባት ውሃ ማስቋጠር። ሐሳቡ አንድ ነው፤ በሰውነት ውስጥ የተበላሸ ወይም የበዛ ነገር አለ፣ እሱ ይውጣ ነው። ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ዋግምት ያላየ፣ ኮሶ ጠጥቶ ሲወላገድ የዋለ ዘመድ የሌለው ማን አለ? ኮሶ በእርግጥ ትሉን ያስወጣ ነበር፤ እነሱ ሆድ ለመጥረግ የሚሰጡት ሜርኩሪ ግን ጥርስና ድድ ይፈታ ነበር። የሚያሳዝነው መድኃኒቱ በኃይል ሲሠራ ማየታቸው እምነታቸውን ማጽናቱ ነው። ታማሚው አስታወከ፣ አላበው፣ ተዝለፈለፈ፤ እንግዲህ መድኃኒቱ ሠራ።

ከዚህ ሁሉ መካከል በእርግጥ የሚፈውስ አንድ ነገር ነበራቸው፤ ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣው የሲንኮና ዛፍ ቅርፊት። በደብዳቤዎቹ ላይ «ቅርፊቱን ወሰድኩ» የሚል ካዩ ይህ ነው። ለወባ ይሠራል፤ እነሱ ግን ለማንኛውም ትኩሳት ይሰጡት ስለነበር አንዱን ሲያድን ሌላውን ሲያልፈው ለምን እንደሆነ አይገባቸውም። ፍሬ ነገሩ ኪኒን በ1820 ፈረንሳይ ውስጥ ተነጥሎ ወጣ። ዛሬ ማንኛውንም እንክብል ኪኒን እያልን የምንጠራው ከዚያ ስም የተነሣ ነው፤ ያ ቅርፊት በአፋችን ላይ አለ።

ሐኪሞቹ ይጠራጠሩ ነበር ወይ ብለው ለመጠየቅ ከፈለጉ፣ ይጠራጠሩ ነበር፤ ማስረጃውም ደብዳቤ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን በዲሴምበር 1799 ጉሮሮው ተዘግቶ በአንድ ቀን ውስጥ ሲሞት በተደጋጋሚ ደም አፍስሰውለት ነበር፤ በአጠቃላይ ከ2 ሊትር በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ከሦስቱ ሐኪሞች ወጣቱ ኤሊሻ ዲክ ደም ማፍሰሱ ይቁም ብሎ ነበር፤ ጉሮሮው ተበስቶ አየር ይግባለትም ብሏል፤ አልሰሙትም። ከሦስት ሳምንት በኋላ በጃንዋሪ 2፣ 1800 ሌላው ሐኪም ጉስታቨስ ብራውን ለባልደረባው ለጄምስ ክሬይክ ጻፈ። ዲክን ሰምተን ደም መቅዳቱን ብንተው ኖሮ ወዳጃችን ዛሬ በሕይወት በኖረ ይሆናል ይላል፤ ነገር ግን ባለን ብርሃን ነው የተመራነው፣ ትክክል ነን ብለን አስበን ነበር ይላል። ለብዙ ዓመት ሳነበው ኖሬ እስከ ዛሬ ያስጨንቀኛል። ሐኪም ለሐኪም ብቻ የሚጽፈው ዓይነት ደብዳቤ ነው።

አሁን እርስዎን ወደ አሳመመዎ ነገር፣ ወደ ፈንጣጣው ልግባ፤ እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ።

በአማርኛ ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነው፤ ክታብም ተጽፎ አንገት ላይ የሚታሰር ነው። ክትባት የሚለው ቃል የመጣው ከዚሁ ነው፤ ክንድን ጫር አድርጎ በመድኃኒት መጻፍ። ቃሉ ከዘመናዊ ሕክምና ጋር የመጣ ነገር ብቻ አይምሰልዎ። ከፈንጣጣ ታማሚ ቁስል መግል ወስዶ የጤነኛውን ክንድ ጭሮ ማስገባት በአገራችን ከጥንት የታወቀ ዘዴ ነበር፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን መንገደኞች አይተው ጽፈውታል። በዚህ መንገድ የገባው ፈንጣጣ ብዙ ጊዜ በትንፋሽ ከተያዘው ይቀላል፤ የዳነ ሰው ደግሞ ዳግመኛ አይያዝም።

ቦስተንም ይህን የሰማችው ከአፍሪካ ነው። በ1716 ሰባኪው ኮተን ማዘር ለንደን ላለው የሳይንስ ማኅበር በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ኦኒሲመስ የተባለ በባርነት የያዘው አፍሪካዊ ፈንጣጣ ይዞህ ያውቃል ወይ ሲለው አዎም አይደለምም ብሎ እንደመለሰለት፣ ከዚያም በአገሩ ተከትቦ እንደነበር ነግሮ ጠባሳውን እንዳሳየው ይተርካል። በ1721 ፈንጣጣ ቦስተን ሲገባ ዛብዲኤል ቦይልስተን የተባለ ሐኪም ይህንኑ ሞከረ። ከተማው ተቆጣ፤ በማዘር ቤት መስኮት ቦምብ ተወረወረ። ወረርሽኙ ሲያልቅ በተለመደው መንገድ ከታመሙት ከ5,000 በላይ ሰዎች 844ቱ ሞተዋል፤ ቦይልስተን ከከተባቸው ከ240 በላይ ሰዎች የሞቱት 6 ናቸው። እነዚህ ቁጥሮች ናቸው ለሃምሳ ዓመት በየእናቱ ጆሮ ሲደውሉ የኖሩት። ቤንጃሚን ፍራንክሊን የአራት ዓመት ልጁን ፍራንሲስን በ1736 በፈንጣጣ ቀበረ፤ ሳላስከትበው በማለት ዕድሜውን ሁሉ ተጸጽቷል።

እናትየዋ ልጆቿን በሽታ «አስያዘቻቸው» ከማለታችን በፊት ይህን እናስብ። የቀረበላት ምርጫ በበሽታና በጤና መካከል አልነበረም።

ይህቺ እናት ያው አቢጌል አዳምስ ናት፤ ነገሩን የምታውቀውም ከሠርጓ በፊት ጀምሮ ነው። በ1764 ጸደይ ላይ እጮኛዋ ጆን ለመከተብ ቦስተን ገብቶ ለሳምንታት ተዘጋ። ለዝግጅት ወተት ብቻ እየጠጣና ሜርኩሪ እየወሰደ ነው፤ ሜርኩሪው ጥርሶቹን አላልቶ በሁለት ጣት ሊነቅላቸው የሚችል እስኪመስለው ድረስ እንዳደረሰበት በኋላ በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። ከዚያ ክፍል በየጊዜው ይጽፍላታል። የእሷ እናት ግን ወረቀቱ በሽታ ያመጣብናል ብላ ፈራች። ስለዚህ ደብዳቤው ከመከፈቱ በፊት ይታጠናል። ቶም የሚባለው የቤቱ አገልጋይ ጢስ ላይ ይይዘዋል፣ እናት ገና አልጠራም ትላለች፣ አቢጌል ዙሪያውን ትዞራለች። ለጆን ስትጽፍ ጎጆዋ እንደተዘረፈባት ወፍ መቅረብም መራቅም አቅቷት በቶም ዙሪያ እንደምትዞር ሰዎች እንደሚነግሯት ትገልጻለች። ይህን ክፍል በወደድኩት ቁጥር ሁልጊዜ አንድ ነገር ይቆጠቁጠኛል፤ በወረቀቱ ላይ በእርግጥ ሕመም ቢኖር መጀመሪያ የሚነካው የቶም እጅ ነበር።

ከ12 ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 12፣ 1776፣ አቢጌል አራት ልጆቿን ይዛ ቦስተን አጎቷ ቤት ገባች። ናቢ ከሁለት ቀን በኋላ 11 ዓመት ይሞላታል፣ ጆን ኩዊንሲ ትናንት 9 ሞልቶታል፣ ቻርልስ 6፣ ቶማስ ገና 3 ዓመቱ ነው። ላም ከብሬንትሪ ነድተው አምጥተዋል፤ ድርቆሽና ማገዶም አስገብተዋል፤ ለሳምንታት ተዘግቶ ሊኖር ነውና። ከተማው በተከታቢ ሞልቷል፣ ቤት አይገኝም። ፊላደልፊያ ያለው ጆን ነገሩን የሰማው ከአጎቷና ከሌላ ወዳጅ ደብዳቤ ነው፤ ሚስቱና ልጆቹ ከተከተቡ በኋላ፣ በጁላይ 16። ቢፈልግም ሊከለክል አይችልም ነበር። ውሳኔው የእሷ ነው።

ከዚያ የሚመጡትን ደብዳቤዎች በነርስ ዓይን ያንብቧቸው፤ የሕመምተኛ መከታተያ ቅጽ ይመስላሉ። ማን ትኩሳት ጀመረው፣ የማን ክንድ ቀላ፣ ማን ጠዋት ጠዋት ያስታውካል፣ የማን አልያዘም። ናቢ ሁለተኛ ተከተበች፤ ሲይዛት ጸናባት፣ ከሺህ በላይ እብጠት ወጣባት፤ እንደ ትልቅ አረንጓዴ አተር ያክላሉ ትላለች እናቷ። የቻርልስ ክትባት ደጋግሞ አልያዝ ብሎ በመጨረሻ በተለመደው መንገድ፣ በትንፋሽ፣ ተያዘ፤ ለ48 ሰዓት ራሱን ስቶ ቃዠ። ሁሉም ዳኑ። በዚህ መካከል በጁላይ 18 አቢጌል ወጥታ ከሕዝቡ ጋር ቆማ የነጻነት አዋጁ ከመንግሥት ሕንጻው ሰገነት ሲነበብ ሰምታለች። ባሏ የተከራከረለትን አዋጅ ነው የምትሰማው፤ ግን አዋጁን ለመስማት ሳይሆን ልጆቿን ለማትረፍ ነው ያን ሰሞን ቦስተን የተገኘችው።

የፈንጣጣው ነገር ከደብዳቤ አልወጣም። በ1801 ጀፈርሰን ከቦስተኑ ሐኪም ከቤንጃሚን ዋተርሃውስ አዲሱን የላም ፈንጣጣ ክትባት በፖስታ ሲያስመጣ የመጀመሪያዎቹ በመንገድ ላይ ሙቀት ገደላቸው። ጀፈርሰን መልሶ ጻፈ፤ መድኃኒቱ ያለበትን ብልቃጥ ውሃ በተሞላ ሌላ ብልቃጥ ውስጥ ያድርጉት አለ። እርስዎ ዛሬ የክትባት ቀዝቃዛ ሣጥን ሲከፍቱ የዚያን ደብዳቤ ዘር እየከፈቱ ነው። ከዚያ በኋላ ከራሴ ቤተሰብ ሰባ ወይም ሰማንያ ሰው ከተብኩ ብሎ ጻፈ። ቤተሰብ የሚለው ቃል እዚህ በባርነት የያዛቸውን ሰዎች ይጨምራል፤ አብዛኞቹም እነሱ ናቸው። ፈቃዳቸውን የጠየቀ ሰው ስለመኖሩ ደብዳቤው ምንም አይልም። በ1806 ይህን የላም ፈንጣጣ ክትባት ላስተዋወቀው እንግሊዛዊ ሐኪም ለኤድዋርድ ጄነር ሲጽፍ የወደፊት ሕዝቦች ይህ አስቀያሚ ፈንጣጣ እንደነበረ የሚያውቁት ከታሪክ ብቻ ይሆናል አለው። ቃሉ ከተፈጸመባቸው የመጨረሻ አገሮች አንዷ የእኛ ናት፤ በኢትዮጵያ የመጨረሻው ታማሚ የታየው በኦገስት 1976 ነው፤ አቢጌል ቦስተን ከገባች ከ200 ዓመት በኋላ። በሶማሊያ በቀጣዩ ዓመት አበቃ።

እዚህ ላይ ስለማይሰሙት ድምፅ አንድ ነገር ልበል። ፓቲ፣ ቶም፣ ኦኒሲመስ፣ በጀፈርሰን እርሻ በሞንቲቼሎ የተከተቡት፣ ስለ እነሱ የምናውቀው ሌላ ሰው ስለጻፈው ነው። ማንበብና መጻፍ ለባሪያ የማይፈቀድበት ስፍራ ብዙ ነበር። የታመመ ሰው ሁሉ አልጻፈም፤ ጽሑፍዎ ላይ ይህን አንድ አንቀጽ ቢሰጡት ደስ ይለኛል።

ቢጫ ወባን በአጭሩ ላንሣው፤ በአማርኛ ስሙ ወባ ቢባልም ከወባ ጋር የሚያገናኘው ትንኝ ማምጣቱ ብቻ ነው፤ ትንኙም ሌላ ዓይነት ነው። በ1793 ፊላደልፊያ ከ50,000 ገደማ ነዋሪዋ 5,000 ያህሉን አጣች። ቤንጃሚን ረሽ የተባለው ታዋቂ ሐኪም ሚስቱን ጁሊያን ወደ ፕሪንስተን ልኮ እሱ ቀረ፤ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ጻፈላት። ሦስት ተማሪዎቹና እህቱ ሞቱበት፤ እሱም ታሞ ተነሣ። ደፋርነቱን አለማክበር አይቻልም። ሕክምናው ግን በሜርኩሪ ሆድን በኃይል መጥረግና ብዙ ደም ማፍሰስ ነበር፤ ለሚስቱ ሲጽፍ ድል እያደረገ ያለ ይመስለዋል። በዚያው ከተማ የአገሪቱ የገንዘብ ሚኒስትር አሌክሳንደር ሃሚልተን ታሞ በሌላ ሐኪም በቅርፊት፣ በወይንና በቀዝቃዛ ውሃ ተሽሎት ይህንኑ በደብዳቤ አሳወጀ። በደብዳቤ የተካሄደ ክርክር ነበር፤ ሁለቱም ወገን ትንኙን አያውቅም። ረሽ ጥቁሮች አይያዙም ብሎ በማመኑ ሪቻርድ አለንና አብሳሎም ጆንስ የሚመሩት ነጻ ጥቁሮች ታማሚ ሲያስታምሙና ሙታን ሲቀብሩ ቆዩ፤ እነሱም እንደ ሌላው ሞቱ። ጆንስና አለን በ1794 የሠሩትን ራሳቸው ጽፈው አሳተሙ፤ ይህ ከላይ ያልኩትን ዝምታ የሰበረ ብርቅ ጽሑፍ ነው፤ ይፈልጉት።

ረሽን ያነሣሁት በሌላም ምክንያት ነው። በ1811 የፈንጣጣዋ ናቢ 46 ዓመቷ ነው፤ ጡቷ ላይ እብጠት ነበረባት። ለረሽ ጻፈችለት። ረሽ መልሱን ለእሷ አልላከም፤ በሴፕቴምበር 20 ለአባቷ ለጆን አዳምስ ጻፈ፤ እናንተ ቀስ ብላችሁ እንድትነግሯት ብሎ። ምክሩ ግን ቀስ የሚል አልነበረም፤ ቢላው ይቅደም፣ አትዘግዩ የሚል ነው። በኦክቶበር 8 ኩዊንሲ በምትባለው ከተማ በወላጆቿ ቤት ዶክተር ጆን ዋረን ጡቷን ቆረጠ። ማደንዘዣ አልነበረም። ከ35 ዓመት በኋላ፣ በ1846፣ ቦስተን ውስጥ ኤተር በአደባባይ ሲሞከር ቢላውን የያዘው የዚህ ሐኪም ልጅ ነበር። ናቢ ለጊዜው ተሽሏት ነበር፤ ካንሰሩ ግን ተመለሰ፤ በኦገስት 1813 በአባትና በእናቷ ቤት ሞተች። ለታማሚ መጥፎ ዜና ማን ይንገራት የሚለው ጥያቄ፣ ዛሬም በሥራዎ ላይ ከሐበሻ ቤተሰቦች ጋር የሚያጋጥምዎ ጥያቄ፣ በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል።

የትኛውን ልምረጥ ላሉኝ፣ እኔ ብሆን የጁላይ 10፣ 1777ን እወስዳለሁ። አቢጌል ነፍሰ ጡር ናት፤ ጆን እንደገና ፊላደልፊያ ነው። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ በምሽት ብርድ ብርድ ብሏት ተንቀጥቅጣ ነበር፤ ልጁ እንደጠፋ ልቧ ነግሯታል፤ ይህንንም ጽፋለታለች። በ10ኛው ቀን ምጥ ይዟታል፤ እየጻፈች ነው። በመካከል ብዕሬን አስቀምጣለሁ፣ ልሸሸው የማልችለውን ልሸከም ትላለች፤ ቀጥሎ ያለው መስመር ደግሞ ተሸከምኩት፣ ብዕሬን አነሣሁ ይላል። በሁለቱ መስመሮች መካከል አንድ ምጥ አለፈ። በማግስቱ ሴት ልጅ ተወለደች፤ በድን ናት። ኤልዛቤት አሏት።

ከዚህ ደብዳቤ አጠገብ የጆንን የጁላይ 28 መልስ ያስቀምጡት። ዜናው ገና መድረሱ ነው። ዓይቶት የማያውቀውን፣ ሊያየውም የማይችለውን ሕፃን እንዲህ መውደድ እንዴት ይሆናል ብሎ ይጠይቃታል።